አድራሻ የያዘ ፕሮቲን

ከጉደርና ከጊንጪ ድረስ አምቦ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በሰው ሴል ውስጥ ሚቶኮንድሪያ ከ1,000 በላይ ፕሮቲኖች ያስፈልጉታል፤ በራሱ ዲኤንኤ የሚሠራው ግን 13ቱን ብቻ ነው። የቀሩት ከውጭ እንዴት ይገባሉ?

ብዙዎቹ በጫፋቸው እንደ አድራሻ የሚያገለግል ቅጥያ ይዘው ይሠራሉ። ቶም የተባለው የውጭው ሽፋን በር አድራሻውን ይለያል፤ ቲም የተባለው የውስጡ በር ደግሞ ፕሮቲኑን ሳይታጠፍ እንደ ክር ዘርግቶ ያሳልፈዋል። የውስጡ አሉታዊ ሙል አዎንታዊውን ቅጥያ ይስበዋል፤ ከገባ በኋላ ቅጥያው ይቆረጣል።

በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ፕሮቲን ከሚያደርሱት አንዱ፣ ቲም8ኤ፣ ሲጎድል ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ መስማት ይሳነዋል። በሽታው ብርቅ ነው፤ የመስማት መሳን ምክንያቱም ብዙ ነው። ቢሆንም መስማት የተሳነውን ልጅ «እርግማን ነው» ከማለታችን በፊት፣ ይህችን ጠባብ በር እናስታውስ እላለሁ።