ከአንድ ህዋስ የሚነበብ መልእክት፦ የዘረመል አገላለጽን በማባዛት ስለ መለየት



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በእጃችን ያለው አንድ ህዋስ ብቻ ቢሆን፣ ከዘረመሎቹ መካከል የትኞቹ በሥራ ላይ እንዳሉ በምን እናውቃለን?

በሰውነታችን ያሉ ህዋሳት፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የሚይዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የነርቭን ህዋስ ከጉበት ህዋስ የሚለየው ወደ መልእክተኛ አርኤንኤ የሚገለበጡት ዘረመሎች መለያየታቸው ነው። ይህን ለመለካት የቆየው መንገድ እጅግ ብዙ ህዋሳትን በአንድነት ፈጭቶ መመርመር ነበር፤ የሚገኘውም አማካይ ነው። 100 ህዋሳት እያንዳንዳቸው 10 ቅጂ ቢኖራቸው፣ ወይም 10ሩ ብቻ መቶ መቶ ቅጂ ይዘው 90ዎቹ ባዶ ቢሆኑ፣ አማካዩ ያው 10 ነው። ከካንሰር ሕክምና የተረፉ ጥቂት ህዋሳትን ለሚፈልግ ተመራማሪ አማካዩ የሚሰውርበት የሚፈልገውን ነገር ራሱን ነው።

እንቅፋቱ የመጠን ማነስ ነው። አንድ የአጥቢ እንስሳ ህዋስ በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ፒኮግራም የሚደርስ አርኤንኤ ሲኖረው፣ ከዚህም መልእክተኛው ከ1 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ፒኮግራም የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ እጅ ነው። ስለዚህ ማባዛት ግድ ይሆናል።

ማባዛቱ በሁለት ግኝቶች ላይ ይቆማል። አንደኛው፣ ሃዋርድ ቴሚን እና ዴቪድ ባልቲሞር በ1970 እ.ኤ.አ. ያስታወቁት፣ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተሰኘ ኢንዛይም ነው። ሁለተኛው፣ ኬሪ ሙሊስ በ1983 የፀነሰው ፒሲአር ነው። በእያንዳንዱ ዙር ዲኤንኤው በእጥፍ ይባዛል፤ ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ቅጂ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። በ1992 ጄምስ ኤበርዋይንና ባልደረቦቹ በነጠላ የነርቭ ህዋሳት ላይ ሌላ መንገድ ተጠቀሙ፤ ቲ7 የተባለው ኢንዛይም ከዚያው ከመጀመሪያው ቅጂ ደጋግሞ አርኤንኤ እንዲሠራ አደረጉ። በ2009 ደግሞ ከአይጥ ሽል የተወሰደ የአንድ ህዋስ መልእክተኛ አርኤንኤ በአጠቃላይ ተነበበ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማባዛት በራሱ መለካት አይደለም። አንዱ ዘረመል በየዙሩ በትክክል 2 እጥፍ፣ ሌላው ግን 1.9 እጥፍ ቢባዛ፣ ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ከ30 ዙር በኋላ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል፤ መነሻቸው እኩል ሆኖ ሳለ። የመጀመሪያው ቁም ጸሐፊ የሳተው ፊደል ከእርሱ በተቀዱት መጻሕፍት ሁሉ እንደሚገኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተፈጠረ መዛባትም እስከ መጨረሻው ይከተለናል። መፍትሔው ከመባዛቱ በፊት በእያንዳንዱ መነሻ ቅጂ ላይ የተለየ ምልክት ማኖር ነው። ያን ጊዜ የምንቆጥረው የተባዙትን ቅጂዎች ሳይሆን ምልክቶቹን ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ ዜሮ ነው። አንድ ዘረመል በህዋሱ ውስጥ 5 ቅጂ ቢኖረውና የምንይዘው ከ10 ቅጂ አንዱን ብቻ ቢሆን፣ ሁሉንም የማጣታችን ዕድል 59 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። በአንጻሩ «ተገኘ» የሚለውም ማረጋገጫ ይሻል። ምንም ህዋስ ያልገባበት ቱቦ ብክለትን ያጋልጣል፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ያልተጨመረበት ቱቦ ደግሞ የተባዛው ከአርኤንኤ ሳይሆን ከህዋሱ ዲኤንኤ ከሆነ ያሳውቃል።

ውድ ተማሪዎች፣ የአንድ ህዋስ ውጤት ሲቀርብላችሁ ስንት ጊዜ እንደተባዛ ከመደነቃችሁ በፊት ስንት መነሻ ቅጂ እንደተያዘና ባዶው ቱቦ ምን እንዳሳየ ጠይቁ። የአንድ ህዋስ ናሙና አንዴ ካለቀ ተመልሶ አይገኝም፤ ስለዚህ እነዚህ ጥያቄዎች ሙከራው ከመጀመሩ በፊት መልስ ሊያገኙ ይገባል።