ታይላንድ የተሠራው የቶዮታ ዕቃም የቶዮታ ነው

ቶዮታ የጃፓን ኩባንያ ነው። ይህን ባለመኪና ሁሉ ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። የማላልፈው በየመለዋወጫ ሱቁ የሚሰማውን «ጃፓን ካልተሠራ ፎርጅድ ነው» የሚል ብይን ነው።

ሱማሌ ተራ ውስጥ አንድ የሃይሉክስ ባለቤት ካርቶኑ ላይ ታይላንድ የሚል ስላነበበ ብቻ የፍሬን ሸራውን «የጃፓኑን አምጣልኝ» ብሎ ለባለሱቁ ሲመልስ አየሁ። ሊብሬውን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። የሻንሲ ቁጥሩ በኤም፣ በአር እና በዜሮ ይጀምራል፤ ታይላንድ የተገጣጠመ መኪና ነው ማለት ነው። ሰውዬው መኪናውን ወዶ ሸራውን ጠላ።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲሱን ሃይሉክስ ሲያወጣ ሥራውን አገር ለአገር አከፋፍሎታል። የናፍጣ ሞተሩ ታይላንድ፣ የቤንዚኑ ኢንዶኔዥያ፣ የእጅ ካምቢዮው ፊሊፒንስና ህንድ እንዲሠራ ተመደበ። መኪናው ደግሞ ከታይላንድ ሌላ በደቡብ አፍሪካዋ ደርባንና በአርጀንቲናዋ ሳራቴ ይገጣጠማል። የደርባኑ ሻንሲ በኤ፣ በኤች እና በቲ፣ የጃፓኑ በጄ ይጀምራል።

ጃፓን ውስጥም ቢሆን ብዙውን ዕቃ የሚሠራው ቶዮታ ራሱ አይደለም። ሞተሪኖና ካንዴላ የሚያመርተው ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተነጥሎ የወጣ ኩባንያ ነው። አይሲን ደግሞ ፍሪሲዮንና የውሃ ፓምፕ ይሠራል። የአይሲንን ክብደት ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ነው። ካሪያ ከተማ ያለው ፋብሪካው በእሳት ወደመ። እዚያ ትሠራ የነበረችው በመዳፍ የምትያዝ ቫልቭ ናት፤ የፍሬን ዘይት ግፊት ወደ ኋላ ጎማዎች እንዳይበዛ የምትመጥን። ቶዮታ መጋዘን የማያጨናንቅ ኩባንያ ስለሆነ በእጁ የነበረው የጥቂት ሰዓታት ቫልቭ ብቻ ነበር። በዚያች ዕቃ ምክንያት አብዛኞቹ የጃፓን ፋብሪካዎቹ ቆሙ። ከዚያ ንድፉ ለየአቅራቢው ተበተነ፤ ቫልቭ ሠርተው የማያውቁ ድርጅቶች፣ የልብስ ስፌት መኪና አምራቹ ብራዘር ሳይቀር፣ ማሽናቸውን ወደዚያ አዞሩ። በሳምንት ገደማ ውስጥ ማምረቻዎቹ ተመልሰው ተንቀሳቀሱ። የእነዚያ ሁሉ ድርጅቶች ቫልቭ የተገጠመው በቶዮታ መኪና ላይ ነው።

እንግዲህ ካርቶን ላይ የአገር ስም አይታችሁ ዕቃ አትግዙ፤ አትመልሱ። አስመሳዩ «ጃፓን» ብሎ ለማተም የሚቸግረው ነገር የለም፤ እናንተ የምትወዱትንም ያውቃል። ሱቅ ስትሄዱ ሊብሬያችሁን ያዙ፣ በሻንሲ ቁጥሩ ትክክለኛውን ፓርት ነምበር ፈልጉ፣ ከዕቃው ጋር አመሳክሩ። የፊት ፍሬን ሸራ በ04465፣ የኋላው ዲስክ ከሆነ በ04466 ይጀምራል። ሻጩንም ከየት እንዳስመጣው ጠይቁት፤ ደረሰኝም ተቀበሉ።