ቁርበቱ አንድ፣ ስሙ ሁለት፦ ስለተናቁ ሙያዎች ተረቱና እውነታው

የጋብቻ ሽማግሌዎች ተነስተው ከሄዱ በኋላ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ምክክር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። «ልጁ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ መልስ ያገኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቱስ? አያቱስ ምን ነበሩ?» የሚል ትልቅ ሰው አይጠፋም። መልሱ «ገበሬ» ወይም «ወታደር» ከሆነ ጨዋታው ይቀጥላል። «ሸክላ ይሠሩ ነበር» ወይም «ብረት ይቀጠቅጡ ነበር» ከሆነ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ቡናው የተፈላበት ጀበና እዚያው ማቶቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጀበናውን የሠራችው ሴት ልጅ ለጋብቻ አይበቃም ይባላል።

ያ ጸጥታ ስንት ጋብቻ እንዳፈረሰ፣ ስንት ልጅ የአባቱን ሙያ እንዲደብቅ እንዳደረገ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ዛሬም መልኩን ለውጦ በከተማ ይኖራል፤ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሊስትሮውን፣ የታክሲ ረዳቱን፣ በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ወጣት በስም ሳይሆን በፉጨት እንድንጠራ ያደርገናል። «የማይረባ ሥራ አለ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ አስቀድሞ ንቀቱ ራሱ ከየት እንደመጣ መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች በተለምዶ እንደ እውነት የሚነገሩ ሰባት አባባሎችን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «አንዳንድ ሥራ በባሕርዩ ዝቅተኛ ነው»

እውነታ፦ አንድ የፍየል ቆዳ እንውሰድ። ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጸጉሩ በስለት ይፋቃል። ሽታው ከባድ ነው፤ እጅም ያቆሽሻል። ይህ ቆዳ ወንጌል ወይም ዳዊት የሚጻፍበት ብራና የሚሆን ከሆነ የሚፍቀው ሰው ባለሙያ ተብሎ ይከበራል፤ ብዙ ጊዜም ጸሐፊው ራሱ ነው። ቆዳው ጠፍር፣ ስልቻ ወይም ኮርቻ የሚሆን ከሆነ ግን የሚፍቀው ሰው «ፋቂ» ይባላል፤ ስሙም ስድብ ይሆናል። ቁርበቱ አንድ ነው፤ ሽታውም ስለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በሠሪው ማንነት ላይ ነው።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ብረት ሠሪ የሚሰደብበትን «ጠይብ» የሚለውን ቃል «ጠቢብ» ከሚለው ጋር የሚያዛምዱት አሉ። «አዝማሪ» እና «መዘምር» ደግሞ «ዘመረ» ከሚለው ከአንድ የግእዝ ግስ የወጡ ናቸው፤ አንዱን በቤተ ክርስቲያን አከበርነው፣ ሌላውን በጠጅ ቤት ናቅነው። የሸማኔውን የእጅ ሥራ «ጥበብ» ብለን ለብሰን ለበዓል እንወጣለን፤ ሸማኔውን ግን ከጠቢባን አንቆጥረውም። ስሞቹን ስናያቸው ሙያዎቹ ሲፈጠሩ የተናቁ አይመስሉም።

ተረት 2፦ «ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፤ የሚፈራውም ለዚህ ነው»

እውነታ፦ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የተባሉት ሰዎች ከሌላው ከሚለዩባቸው ነገሮች ዋናው መሬት ማጣት ነበር። በቀድሞው ሥርዓት የሰው ክብር የሚለካው በርስት ነበር። ርስት ያለው የራሱን ያርሳል፤ የሌለው ጭሰኛ ይሆናል ወይም በእጁ ሙያ ያድራል። በጎንደርና በአካባቢው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሸክላ በመሥራትና በሽመና ይታወቅ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ክርስትናን ያልተቀበለ ርስት እንዳይወርስ አድርገዋል። የታሪክ አጥኚዎችም በእጅ ሙያ መተዳደሩ መሬት ከማጣት ጋር አብሮ እየሰፋ እንደመጣ ያሳያሉ። እንግዲህ ነገሩን ገልብጠን ነው የያዝነው። ሰዎቹ የተገፉት ብረት ስለቀጠቀጡ አይደለም፤ ስለተገፉ ነው ብረት የቀጠቀጡት።

አፈርን ወደ ምጣድ፣ ድንጋይ የመሰለውን ብረት ወደ ማጭድ የሚለውጥ እጅ ለማያውቀው ሰው ምሥጢር ይመስላል። ያልታወቀ በሽታ ሲመጣ ጣት የሚቀሰረው መከላከያ በሌለው ሰው ላይ ነው። የሸክላ ሥራ ምሥጢሩ ግን ዕውቀት ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ትመርጣለች፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ትለውሰዋለች፣ አድርቃ ታቃጥለዋለች። የአፈሩ መጠን ከተሳሳተ ምጣዱ በመጀመሪያው እንጀራ ይሰነጠቃል። ብረት ሠሪውም ከወናፉ፣ ከጉጠቱና ከመስፉ ጋር ውሎ ብረቱ መቼ እንደሚመታና መቼ ውሃ እንደሚገባ ከቀለሙ ያውቃል። ገበሬው ማረሻው በዶለዶመ ቁጥር ወደዚያ ሰው ይሄዳል። ለመጨበጥ የተጸየፈው እጅ የዓመት እህሉን የያዘ እጅ ነበር።

እምነቱ ዛሬም ጉዳት ያደርሳል። ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመምተኛ «ተበልቷል» ተብሎ ቤት ውስጥ ጭስ ይታጠናል፣ የበላውን ሰው ስም እንዲናገር «ለፍልፍ» ይባላል፤ የተጠራው ጎረቤትም ዕድሜ ልኩን በጥርጣሬ ይኖራል።

ተረት 3፦ «ይህ ያለፈ ዘመን ነገር ነው፤ በአዋጅ ቀርቷል»

እውነታ፦ አዋጅስ ወጥቷል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በሙያው የሚሠራን ሰው መስደብ የሚከለክልና ተሳዳቢውን በእስራት የሚያስቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ የዘረዘራቸው ስድቦች ከብረት ሠሪውና ከሸማኔው አልፈው ጸሐፊውን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን ሳይቀር የሚነኩ ነበሩ። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ የሚሠራው ሁሉ ስም ወጥቶለት ኖሮ ሳይሰደብ የቀረው ሥራ የማይሠራው ብቻ ነበር።

ከ67 ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የአሮጌውን ሥርዓት መሠረት ነቀለ። ርስት የማይደርሰው ሰው መሬት ሊያገኝ ቻለ። ሆኖም አዋጅ የሚገባበትና የማይገባበት ቤት አለ። ዳኛው ስድብን ሊቀጣ ይችላል፤ «አጥንታቸው አይሆንም» ብሎ ሽማግሌ የሚመልሰውን አባት ግን የሚቀጣ ሕግ የለም። ንቀቱ የተሸሸገው እዚያ ነው፤ መጥፋት ያለበትም ከዚያው ከቤት ጀምሮ ነው።

ተረት 4፦ «ዘፈንና ጨዋታ ሥራ አይደለም»

እውነታ፦ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ የፋሺስት አስተዳደር ከሚያሳድዳቸውና ከሚገድላቸው ሰዎች መካከል በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች ይገኙበት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዝማሪው ወሬ ያደርሳል፣ ልብ ያነሳሳል፣ የፈራውን ያበረታታል። እኛ «ሥራ ፈት» ያልነውን ሰው ወራሪው አደገኛ ብሎ ፈረጀው። የሥራውን ዋጋ ከእኛ በላይ ጠላት ተረድቶት ነበር።

ተረት 5፦ «ዲግሪ የሌለው ሰው ሥራ፣ ሥራ አይባልም»

እውነታ፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ክብር ያለው በዩኒቨርሲቲ በር በኩል ብቻ ነው ብለን ካመንን ከ100 ልጆቻችን ከ96 ለሚበልጡት «አትረቡም» ብለን ፈርደናል ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ቧንቧ የሚጠግኑ፣ ብረት የሚበይዱ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጉ፣ ሞተር የሚያድሱ ባለሙያዎች መሆን ይችላሉ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ግን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የወደቀ ልጅ ማረፊያ ተደርጎ ይታያል። በበያጅ ልጁ የሚያፍር አባት፣ ስሙን ቀየረው እንጂ፣ ያንኑ የድሮውን «ቀጥቃጭ» የሚለውን ስድብ ነው የሚደግመው።

ተረት 6፦ «ክፍያው ያነሰ ሥራ ጥቅሙም ያነሰ ነው»

እውነታ፦ ውሃ ርካሽ ነው፣ ወርቅ ውድ ነው፤ ያለ ወርቅ የሞተ ሰው ግን የለም። የአንድ ሥራ ክፍያ በአብዛኛው የሚወሰነው ሥራውን ለመሥራት ተሰልፎ በሚጠብቀው ሰው ብዛትና ሠራተኛው ለመደራደር ባለው አቅም ነው። ጥቅሙን ለማወቅ ሌላ መለኪያ አለ፤ ሥራው ቢቆም ምን ይሆናል? ቆሻሻ ሰብሳቢዎች አንድ ሳምንት ቢቀሩ በየበራችን የሚከመረውን፣ በክረምት ጎርፍ የሚዘጋውን ቦይና የሚከተለውን ተቅማጥ ማሰብ ይበቃል። ጧት ተነስታ ልጅ የምታጥብ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ አረጋዊ የምትጦር ሴትማ ጭራሽ ክፍያ የላትም፤ እሷ አንድ ቀን ብትታመም ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ከሥራው ይቀራል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰፈሩ ከክምሩ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎችም የሚኖሩበት ነበር። እነዚያ ሰዎች እኛ የጣልነውን መልሰው ለጥቅም ያበቁ ነበር። ሥራቸው ጥቅም አጥቶ አያውቅም፤ ያጡት ጥበቃ ነው።

ተረት 7፦ «ሥራ ሁሉ ክቡር ነው»

እውነታ፦ ይህ አባባል በቅን ልቦና የሚነገር ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ሰውን የሚጎዳ ሥራ አለ። ወጣቶችን በሐሰት ተስፋ አታሎ በባሕር ወደ የመን፣ በበረሃ ወደ ሊቢያ የሚያሻግር ደላላ ይለፋል፣ ያቅዳል፣ ገንዘብም ያገኛል፤ ይህ ሁሉ ግን ሥራውን ክቡር አያደርገውም። የማይረባ መባል ያለበት እንዲህ ያለው ነው። ሁለተኛ፣ ክብር በቃል ብቻ አይኖርም። ጓንትና ጫማ ያልተሰጠውን ቆሻሻ ሰብሳቢ «ሥራህ ክቡር ነው» ማለት ለእኛ ኅሊና ማረፊያ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለእሱ ምንም አይጨምርም። የሚያከብር ሰው በሰዓቱ ይከፍላል፣ ከአደጋ ይጠብቃል፣ በስም ይጠራል።

አንድ ሥራ ሊያደክም፣ ሊያሰለች፣ ለአንድ ሰው ተሰጥኦ ላይስማማም ይችላል። ልጅ «ይህን አልወደውም» ብሎ ሌላ ቢመርጥ መብቱ ነው። «ይህ ለእኔ አይስማማኝም» ማለት ግን «ይህን የሚሠራ ሰው ከእኔ ያንሳል» ከማለት እጅግ የራቀ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎች ደግመው ሲመጡና የአያት ሙያ ሲጠየቅ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው ቢያንስ ዝም አይበል። «ሸክላ ይሠሩ ነበር» የሚለው መልስ ሲሰማ «ታዲያ እጃቸው ሙያ ያውቅ ነበራ! የልጅ ልጃቸውም ሠርቶ ያድራል» ይበል። ከዚያ ያችኑ ጀበና ያንሳና ሁለተኛውን ይቅዳ።