ሁለተኛው ሰርቨር ለምን አላዳነም?

«ሲስተም የለም» ማለት የሰለቻቸው ተቋማት መፍትሔውን የሚፈልጉት ሰርቨር በማብዛት ነው። አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ ሁለተኛው ይተካዋል፤ አንዱ ዳታ ሴንተር መብራት ቢጠፋበት ሌላው ይረከባል። ሻጩም 99.999 በመቶ የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ በዓመት ከአምስት ደቂቃ ብዙም ያልዘለለ መቋረጥ ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚያዋጣው ግን ሰርቨሮቹ በየተራ፣ እያንዳንዱም በራሱ ምክንያት የሚበላሹ ከሆነ ነው። ታላላቆቹ መቋረጦች ሲመረመሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነው፦ ሁሉንም በአንዴ የነካ ለውጥ፣ አለዚያም ለማዳን ተብሎ የተሠራው የመተካት ዘዴ ራሱ።

ማብዛት የሚበጅበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። እንደ አፓቼ ወይም ኤንጂንኤክስ ያለ የድረ ገጽ ሰርቨር የደንበኛውን መረጃ በራሱ ላይ እስካላስቀመጠ ድረስ አንዱ በሌላው ቢተካ ችግር የለም። ከፊት የቆመው ሎድ ባላንሰር በየጥቂት ሰከንዱ «አለህ ወይ?» እያለ ይፈትሻል፤ ዝም ላለው ሥራ መላኩን ያቆማል፤ ደንበኛው ሳያውቀው ያልፋል። ያም ሆኖ ብዙ ቅጂ ማለት የአንድ ስህተት ብዙ ቅጂም ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2021 የድረ ገጾችን ይዘት ለተጠቃሚዎች የሚያደርሰው ፋስትሊ የተባለው ኩባንያ አንድ ደንበኛ ምንም ጥፋት የሌለበት የቅንብር ለውጥ ሲያደርግ፣ ቀደም ሲል በተሠራጨ ሶፍትዌር ውስጥ የተደበቀ ስህተት ተቀሰቀሰ። ከኔትወርኩ 85 በመቶው የስህተት መልስ መስጠት ጀመረ። በዓለም ዙሪያ የተበተኑት ሰርቨሮች የጫኑት ሶፍትዌር አንድ ነበርና አብረው ወደቁ።

ዋናው ጣጣ ያለው ከኋላ፣ ዳታቤዙ ዘንድ ነው፤ እሱ የማስታወስ ግዴታ አለበትና። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የፕሮግራመሮች የኮድ ማከማቻ በሆነው ጊትሀብ ውስጥ የተበላሸ የኔትወርክ መሣሪያ ሲቀየር በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ያለው ዋናው ዳታ ሴንተር ለ43 ሰከንድ ከቀረው ኔትወርክ ተለየ። አውቶማቲኩ ተቆጣጣሪ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ዋናነቱን ለምዕራብ ዳርቻው ዳታቤዝ ሰጠ። ምሥራቁ ግን የመጨረሻዎቹን ምዝገባዎች ገና አላሻገረም ነበር። ግንኙነቱ ሲመለስ እያንዳንዱ ወገን ሌላው ዘንድ የሌለ መረጃ ይዞ ተገኘ፤ ሥራ ከሚበዛባቸው የዳታቤዝ ስብስቦች በአንዱ ላይ ብቻ ምሥራቅ የቀሩት ምዝገባዎች 954 ነበሩ። መሐንዲሶቹ መረጃ ከሚጠፋ አገልግሎቱ ቢጓደል ይሻላል ብለው ከባክአፕ መመለስን መረጡ። የ43 ሰከንዷ ጣጣ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ።

አውቶማቲኩ ከሌለ በውድቅት ሌሊት ማን ይደርሳል የሚል ሙግት ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጊትሀብም ዘዴውን አልጣለውም። ዋናነት ከአንዱ የአገሪቱ ክፍል ወደ ሌላው በራሱ እንዳይሻገር ብቻ አጠረው። የነጋዴው ሙግት ደግሞ አገልግሎት ከቆመ ደንበኛ ይሸሻል የሚል ነው። ይሸሻል። ነገር ግን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው አይዘነጋም። ባንኩ እንደገለጸው ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ለሰዓታት ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። «ሲስተም አለ ወይ?» ለሚል መለኪያ የዚያች ሌሊት መልስ «አለ» ነበር። ጉዳቱን ያመጣው መሥራቱ ነው፤ ባንኩ ኋላ ላይ ያለአግባብ ተወስዷል ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር።

እናም ሲስተም ልትገዙ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ስንት ሰርቨር እንዳለ ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩን ሌላ ጠይቁት፦ ትናንት የተጫነ ለውጥ በስንት ደቂቃ ይመለሳል? ሒሳቡ መዛባቱን ማን ያያል? አገልግሎቱን ዝጉ የማለት ሥልጣንስ የማን ነው? ከባክአፕ መመለስ በተግባር የተሞከረው መቼ ነው? መልሱ በወረቀት ላይ የቀረ ዕቅድ ብቻ ከሆነ ውሉን አትፈርሙ።