የፈረንሳይ ኬክ በቡሬ ድንኳን

ሚልፎይ የሚባለውን ኬክ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጉሙም «ሺህ ቅጠል» ማለት ነው። ወደ እኛ የደረሰው ግን እንደ ፉርኖ ዳቦና እንደ ቦምቦሊኖ በጣልያኖች በኩል ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዱ ሰው እስከ ዛሬ «ሚሊፎሊ» የሚለውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ባለፈው የገና ሰሞን አዲስ አበባ ኬክ ቤት ሲሠሩ የቆዩ ሁለት እህትማማቾች ወደ ትውልድ ቦታቸው ቡሬ ተመልሰው በአጎታቸው ደጃፍ ድንኳን ተከሉ። በካርቶን ላይ «እስከ ዓቢይ ጾም ብቻ» ብለው ጽፈው ለጥፈዋል። እኔም ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሦስት ቀን እየተመላለስኩ ቀመስኩ። (ዲፓርትመንታችን ኬሚስትሪ ስለሆነ «ለጥናት ነው» ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።)

ለምን እስከ ዓቢይ ጾም ብቻ? ሚልፎይ ማለት እኮ በአጭሩ ቅቤ ነው። ጾመ ነቢያት በገና ይፈታል፤ ከዚያ እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ እንደ በዓሉ አቆጣጠር ከአንድ ወር ትንሽ ይበልጣል፣ ሲረዝም ደግሞ ሁለት ወር ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ረቡዕ፣ ዓርብና የነነዌ ሦስት ቀናት ሲቀነሱ የሚቀረው ብዙ አይደለም። በድሮ ጊዜ ፈረንሳዮችም በጾም ቅቤ አይበሉም ነበር። በሩዋን ከተማ ካቴድራል ላይ «የቅቤ ግንብ» የሚባል ግንብ አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የጠየቁ ሰዎች በከፈሉት ገንዘብ ስለተሠራ ነው ይባላል።

አሁን ወደ ሊጡ እንግባ። ዱቄት፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው፤ እርሾ የለውም። ሊጡ ተዳምጦ ቅቤ በመሐሉ ይደረግና ሦስት እጥፍ ይታጠፋል፣ እንደገና በመዳመጫ ይዘረጋል፣ እንደገና ይታጠፋል። ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ ሦስትን በሦስት ስድስት ጊዜ ማባዛት ነው፤ 729 የቅቤ ንብርብር ይሆናል። ሺህ ባይሞላም ስሙን አያሳፍርም። እሳት ሲነካው በቅቤውና በሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። የሚነፋው እንግዲህ እንፋሎት ነው። ቅጠሉ ሳይቀደድ የሚለጠጠው ስንዴ ግሉተን ስላለው ነው፤ ጤፍ ግሉተን ስለሌለው በዚህ መንገድ አይሆንም። ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህም ምክንያት እንፋሎቱ ቶሎ ይነሳል፣ ኬኩም ቶሎ ይደርቃል።

ትልቁ ችግር ግን ቅቤው ነበር። ከገጠር በቅል የሚመጣው ቅቤ መዓዛው የሚያስጎመጅ ቢሆንም አሬራና ውኃ ይበዛበታል፤ ቀትር ላይ ከሊጡ አምልጦ ይወጣል። «ቅቤ ቢቀልጥ ቅጠል የለም፤ ያው ቂጣ ነው» አለችኝ ታላቅየዋ። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመው አጥበው፣ በነጠላ ጨምቀው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ይዳምጣሉ። የታኅሣሥና የጥር ብርድ ማቀዝቀዣቸው ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወቅቱ እንግዲህ የጾሙ ብቻ ሳይሆን የብርዱም ነው ማለት ነው።

ከቀመስኩት ሁሉ ያስገረመኝ «የነገሥታት ጋሌት» ነው። ፈረንሳዮች በጃንዋሪ 6፣ ማለትም ከኛ ገና አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ የሰብአ ሰገልን መታሰቢያ ሲያከብሩ ይበሉታል። በውስጡ ከለውዝ ዘመዶች የአልሞንድ ክሬም ይደረጋል፤ እህትማማቾቹ በኦቾሎኒ ተኩተውታል። ውስጡ አንዲት ባቄላ ትደበቃለች፣ ያገኛት ሰው ደግሞ የወረቀት ዘውድ ደፍቶ ይነግሣል። በድንኳኑ የነገሠው ጫማ የሚጠርግ ልጅ ነበር፤ ዘውዱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ።

ዓርብ ዕለት በአትክልት ቅቤ የተሠራውንም ሞከርኩ። ቅጠሉ ከቅቤው የተሻለ ይነባበራል፣ አይፈስም፤ ግን ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የላም ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ድረስ ስለሚቀልጥ 37 ዲግሪ በሆነው አፋችን ውስጥ ይጠፋል። ማርጋሪን ግን በሙቀት እንዲጸና ተደርጎ የተሠራ ነው።

ታናሽየዋ በዚሁ የጾም ሚልፎይ ዓቢይ ጾምንም እንሥራ ትላለች፤ ኪራይ የለብንም፣ ዱቄቱም ተገዝቷል። ታላቅየዋ «አንዴ የቀመሰ ሰው ሚልፎይ ይሄ ነው ብሎ ይቀራል» ብላ እምቢ አለች። በእኔ አስተያየት ታናሽየዋ ልክ ናት። የቡሄ ሙልሙል ነሐሴ 13 ቀን በፍልሰታ ጾም ውስጥ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የሚጋገር ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም «የጾም ዳቦ» ብሎ ዝቅ አያደርገውም። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ካርቶኑ እንደተለጠፈ ነበር፤ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ግን በእስክሪብቶ ተሰርዛለች።