አጥንት የምታኝክ ላም ምን ትላለች?

ከሐረር ተነሥቶ በባቢሌ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ የማርዳን በር ሲያልፍ ዐይኑ ድንገት ሰፊ ሜዳ ላይ ያርፋል። ይህ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋው የጅጅጋ ሜዳ ነው። ዝናብ ሲጥል ስንዴና ማሽላ ይበቅልበታል፤ ሣሩም ይለመልማል። ሶማሌዎች ጂላል የሚሉት የበጋ ወራት ሲገባ ግን ሜዳው ገለባ ይመስላል። ወደ ቀብሪ በያህም ሆነ ወደ ቶጎ ውጫሌ ቢሄዱ፥ ግመሉ፥ ላሙና ጥቁር ራሱ የሶማሌ በግ ያንኑ የደረቀ ሣርና ቁጥቋጦ ሲለቃቅም ይታያል።

እንዲህ ባለው ደረቅ አገር ከብት የሚጠብቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያስገርም ነገር ያያል። ሣር በል የሆነችው ላም ከመንገድ ዳር የወደቀ አሮጌ አጥንት አንሥታ ታኝካለች። ቢቀሟትም ሌላ ትፈልጋለች። የማያውቅ ሰው ይሥቃል፤ የሚያውቅ ግን ይደነግጣል። ላሟ አፍ አውጥታ ባትናገርም፥ «አንድ ነገር ጎድሎኛል» ማለቷ ነውና።

ታዲያ የጎደላት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ፎስፎር ነው። ፎስፎርን ሁላችንም ሳናውቀው በእጃችን ይዘነዋል፤ የክብሪት ቀፎ ጎኑ ላይ ከተቀባው ነገር አንዱ እርሱ ነውና። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1669 ዓ.ም. ሄኒግ ብራንድ የሚባል የሐምቡርግ ሰው ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ብዙ ሽንት ሲያፈላ፥ በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ወርቅ አልነበረም፤ ፎስፎር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም የስዊድን ሊቃውንት ይኸው ነገር በአጥንት ውስጥ እንዳለ አስረዱ። በእንስሳ ገላ ውስጥ ካለው ፎስፎር ከመቶው ሰማንያ ያህሉ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ነው። የቀረውም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም፤ ያለ እርሱ ጡንቻ ኀይል አያገኝም፥ ወተት አይወርድም፥ ጥጃም አያድግም።

ሣር ለጋ ሳለ ፎስፎር አለው። አርጅቶ ሲደርቅ ግን ግማሹን፥ አንዳንዴም ከግማሹ በላይ ያጣል። ይህን በቍጥር እንመልከተው። በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ ላም ከመኖው ከሺው ሁለት እጅ ፎስፎር ብታገኝ 20 ግራም ይደርሳታል፤ ይህም ጥጃ ለምታጠባ ላም የሚበቃ ያህል ነው። ከሺው አንድ እጅ እንኳ በማይሞላው ያረጀ ሣር ግን 8 ወይም 9 ግራም ብቻ ታገኛለች። ጉድለቱን የምትሞላው ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ነው። ከዚያም አካሄዷ ይገተራል፥ ኰርማ መፈለጓ ይዘገያል፥ አጥንትም ማሳደድ ትጀምራለች።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በደቡብ አፍሪቃ አጥንት የሚያኝኩ ከብቶች ሽባ ሆነው እየወደቁ በብዛት ያልቁ ነበር። ከስዊስ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሰር አርኖልድ ታይለር በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ በፍራይበርግ አጠገብ ጉዳዩን መረመረና ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው፥ ከብቱን አጥንት የሚያስመኘው የፎስፎር ጉድለት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው፥ የሚገድለው በበሰበሰ ጥንብና በአጥንቱ ላይ የሚራባ ረቂቅ ተሕዋስ የሚያወጣው መርዝ መሆኑ ነው። ይህም መርዝ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ታይለርና ባልደረቦቹ ንጹሕ የአጥንት ዱቄት በልክ ቢሰጧቸው፥ ከብቶቹ አጥንት ማሳደዱን ተዉ፤ ከሞትም ዳኑ፤ ሥጋም አወጡ።

የዚህ አገር ባለከብት ከዚህ ምን ይማራል? በመጀመሪያ፥ ጨው የጠማው ከብትም ዐፈርና እንጨት ስለሚልስ፥ አስቀድሞ ጨው መስጠት ይገባል። ጨው አግኝቶም አጥንት መፈለጉን ካልተወ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ነው። ከሱቅ ዲካልሲየም ፎስፌት የሚባለው ዱቄት ቢገኝ እሰየው። ከመቶው 18 ያህሉ ፎስፎር ነው። እርሱ ባይገኝ፥ ታርዶ ለሥጋ ከዋለ ጤነኛ እንስሳ የተለቀመ አጥንት ነጭ እስኪሆን አቃጥሎ መፍጨት ይቻላል። እሳቱ ተሕዋሱንም መርዙንም ያጠፋል። ጥሬውን አጥንት ፈጭቶ መስጠት ግን ከዚያው ከምንሸሸው አደጋ መግባት ነው። በምን እንደሞተ ያልታወቀን እንስሳ አጥንት ደግሞ መንካትም አይገባም፤ አባ ሰንጋ በዐፈርና በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመት ተደብቆ ይኖራልና።

ዐመዱ ከጨው ጋር እኩል ይደባለቃል። ለአንዲት ላም በቀን 100 ግራም ድብልቅ ቢሰጣት፥ ከዐመዱ ወገን የሚደርሳት ፎስፎር 8 ግራም ያህል ነው። ሚዛን የሌለው ሰው አንድ ጊዜ በባለሱቅ ሚዛን 100 ግራም አስመዝኖ፥ በጣሳ ጨምሮ፥ የደረሰበትን ቦታ በምስማር ጭሮ ምልክት ቢያደርግ ይበቃዋል። ውሃም ከአጠገቧ አይጥፋ፤ ጨው ያለ ውሃ መርዝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፎስፎር የሚሰጠው መቼ ነው ቢባል፥ «በጂላል ነዋ!» የሚል ይበዛል። ነገር ግን በጂላል ለከብት የሚጎድላት ፎስፎር ብቻ አይደለም፤ ምግቡ ራሱ ነው። ለተራበች ላም ፎስፎር ብቻ መስጠት ግድግዳ ሳይቆም ጣራ መክደን ነው። ፎስፎር ይበልጥ ጥቅም የሚሰጠው ጉ እና ካረን የሚባሉት ዝናቦች ጥለው ሣሩ ሲያቈጠቍጥ፥ ጥጃ ሲያድግና ወተት ሲበዛ ነው። በጂላል ግን አስቀድሞ መኖ፥ ከዚያ በኋላ ፎስፎር።

ከሜዳው ወጥተን ወደ ጅጅጋ ከተማ ብንገባ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በግቢ ታስሮ ለበዓል የሚደልበው ሙክት ፉርሽካ ይቀርብለታል። በፉርሽካ ውስጥ ፎስፎሩ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለእንስሳ የሚስማማው ግን ሁለት እጅ ካልሲየም ለአንድ እጅ ፎስፎር ነው። የተረፈው ፎስፎር በሽንት ሲወጣ ጠጠር ይሠራል። የወንድ የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነውና ጠጠሩ ይዘጋዋል፤ በጉም ያምጣል፥ ሆዱን ይራገጣል፤ ፈጥኖ ካልተደረሰለትም ይሞታል። ባለቤቱ የዓመት ድካሙን በሁለትና በሦስት ቀን ያጣል። ይህ እንዳይደርስ ፉርሽካውን ቀንሶ ድርቆሽ መጨመር፥ የተቃጠለ ኖራ ሳይሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጥቂት መቀላቀል፥ ውሃም ሳይሰስቱ ማጠጣት ይገባል። የላሟን የአጥንት ዐመድ ለዚህ ሙክት የሚሰጥ ሰው ግን በደግነቱ ገደለው ማለት ነው።

ይህ የልክ ሕግ በባሕርም ይሠራል። የጅጅጋ ሜዳ ከብት በቶጎ ውጫሌ አልፎ ከሚደርስበት ከበርበራ ጀምሮ እስከ ጅቡቲ ባለው ባሕር ውስጥ፥ ኮራል የሚባሉ ድንጋይ መሳይ ቤት የሚሠሩ ጥቃቅን እንስሳት ይኖራሉ። በሌላው ዓለም እነዚህን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የጨው ውሃ ሞልተው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። እነርሱም ፎስፌት ሲበዛ ገንዳው አረንጓዴ ዝቃጭ እንደሚያወጣ አይተው፥ ፈጽሞ ሊያጠፉት ይታገሉ ነበር። ጨርሶ ሲጠፋ ግን ኮራሉ ገርጥቶ መሞት ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ ውሃውን እየመረመሩ፥ ሲጎድል ፎስፌቱን በጠብታ መልሰው ይጨምራሉ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚፈልጉት ልክ ከአንድ ሚሊግራም አንድ ዐሥረኛ አይበልጥም።

ለላም በጣሳ፥ ለኮራል በጠብታ፤ ነገሩ አንድ ነው። መድኃኒቱም መርዙም ያው ፎስፎር ሲሆን፥ የሚለያያቸው ልኩ ብቻ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ላምህ አጥንት አንሥታ ስታኝክ ብታያት አጥንቱን ቀምተህ ብቻ አትሂድ፤ የምትለውን ስማት። ጣሳህንም ከመሙላትህ በፊት ምልክቱን ተመልከት።