የባትሪ ድንጋይ ስንገዛ ምን እንይ?

መብራት በሌለበት መጠለያ ማታ ወደ ሽንት ቤት ለሚወጡ እናቶችና ልጆች የእጅ ባትሪ ጠባቂ ነው። ሬዲዮም የአገር ቤት ወሬ መስሚያችን ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በብዙው የሱዳን ክፍል የስልክ ኔትወርክ ሲቋረጥ የሬዲዮ ጥቅም ይበልጥ ታይቷል። ታዲያ ከራሽን ተቀንሶ የተገዛ ድንጋይ በሦስተኛው ቀን ሲሞት ያናድዳል።

በገዳሪፍ ገበያም ሆነ በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሱቆች «ሐጀር» ብለን የምንገዛው ድንጋይ በሁለት ይከፈላል፦ ተራውና አልካላይን። ሁለቱም ሲገዙ 1.5 ቮልት ናቸው፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። መለያው የተጻፈባቸው ኮድ ነው። ትልቁ ድንጋይ «አር 20» ካለ ተራ ነው፤ «ኤል አር 20» ካለ አልካላይን ነው። ትንሹም እንዲሁ «አር 6» ወይም «ኤል አር 6» ይላል። ከፊት «ኤል» የምትባለዋን የላቲን ፊደል ሳናይ የአልካላይን ዋጋ አንክፈል።

ለግድግዳ ሰዓት ተራው ይበቃል። ብዙ ለሚበራ የእጅ ባትሪና ቀኑን ሙሉ ለሚከፈት ሬዲዮ ግን አልካላይን እጥፍና ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ ዋጋው ከተራው እጥፍ ካልበለጠ አልካላይኑ ያዋጣል። ጫፉ የዛገ፣ ያበጠ ወይም የተጻፈበት ዓመት ያለፈ ከሆነ ግን ርካሽ ቢሆንም ይቅር።

የተራው ድንጋይ ቆርቆሮ ራሱ ዚንክ ነው። ኃይል በሰጠ ቁጥር እየተበላ ይሳሳል፤ በመጨረሻ ይቀደድና ፈሳሹ ሬዲዮውን ያበላሻል። ስለዚህ ሲያልቅ ቶሎ እናውጣው። አዲሱን ከአሮጌው፣ ተራውን ከአልካላይን አንቀላቅል።

ብዙዎቻችን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ያነቃዋል እንጂ ኃይል አይጨምርለትም፤ መፍሰሱን ግን ያፋጥናል። በጥርስ መንከስም አደገኛ ነው። በሚያዝያ የገዳሪፍ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ አዲሱንም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ውስጥ እናስቀምጥ።

ያለቀውን እሳት ውስጥ አንጣል፤ ይፈነዳል። ከሁሉም በላይ እንደ ቁልፍ ክብ የሆነችውን ትንሽ ባትሪ ከሕፃናት እናርቅ። ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፤ ልጁ ደህና ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።